የላስታ ልጅና የመርከብ ሞተር

ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ የላስታ ልጅ የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የመርከብ ሞተር ሊማር መመዝገቡን በነገረን ጊዜ፤ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በሻይ ክበቡ ውስጥ ሳቅንበት። አንዳችን «ዮርዳኖስን ልትሻገርበት ነውን?» አልነው። ላሊበላን ያየ አንባቢ ቀልዱን ያውቀዋል፤ ዮርዳኖስ የሚባለው በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ከዐለት የተፈለፈለ ቦይ ነውና። ሌላው ደግሞ አስጎብኚዎች ቤተ ጊዮርጊስን በኖኅ መርከብ እንደሚመስሉት ሰምቶ ኖሮ «ሞተር የጎደለው እርሱ ብቻ ነው» አለ። ልጁ ሻዩን ጨርሶ ሳይመልስልን ወጣ። ይህን የምንጽፈው ያ ሳቅ ስለ ቆረቆረን ነው።

አለማወቃችንን አስቀድመን እንናዘዝ። ኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅቷን ያቋቋመችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹ መርከቦቿ ሁለቱ «ንግሥተ ሳባ» እና «የይሁዳ አንበሳ» ሲባሉ፤ የነዳጅ ጫኙ ስም «ላሊበላ» ነበር። እኛ በላስታ ልጅ ስንስቅ የአገሩ ስም በባሕር ላይ ቀድሞት ሄዶ ኖሯል! የባሕር ኃይላችንም ከአሜሪካ በ1954 ዓ.ም. ያገኘው «ኢትዮጵያ» የተባለው መርከብ በዲዝል ሞተር ይሄድ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን እስከ ሸሸ ድረስም አገልግሏል። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ጠረፍ የሌለን ሆንን፤ የንግድ መርከቦቻችን ግን በሰው ወደብ እየጫኑና እያራገፉ መሥራታቸውን አላቋረጡም።

«ባሕር ሳይኖር መርከብ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ስዊትዘርላንድን ይመልከት። በተራራ የተከበበች አገር ስትሆን፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እህል የሚያመጣላት ብታጣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1941 በራሷ ሰንደቅ ዓላማ የሚሄዱ የንግድ መርከቦች እንዲኖሯት በሕግ ደነገገች። ለእኛም ቢሆን ነገሩ ሕልም አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኩል ከዐሥር ዓመት በላይ በተሰጠው ትምህርት የመካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃን የመርከብ መኰንንነት ሠልጥነው፤ በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከቦች ተቀጥረዋል።

ለገና ወደ ላሊበላ በሄድን ጊዜ ልጁ ቤቱ ጋበዘን፤ ቂምም አልያዘብንም። አባቱ የናፍጣ ወፍጮ አላቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከተማው ለብዙ ወራት መብራት አጥቶ በነበረበት ጊዜ፤ ናፍጣ በተገኘ ቀን ሁሉ ሴቶች ከሩቅ ቀበሌ እህል ተሸክመው እዚያ ደጃፍ ያድሩ እንደ ነበር አጫወቱን። ልጁ ሞተር የለመደው ከዚያ ወፍጮ ነው። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ወፍጮው ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ጢስ የሚተፋው፤ ናፍጣው የሚበቃውን አየር አጥቶ ነው። በመርከብ ላይ ግን አየሩ ወፍራም ነው፤ ያም ሳይበቃ በጢሱ ኃይል የሚሽከረከር መሣሪያ ተጨማሪ አየር ጨቁኖ ያስገባለታል።

የትልቁ የጭነት መርከብ ሞተር እንደ ፎቅ ቤት የቆመ ነው። ሲሠራ ግን አይቸኩልም፤ በደቂቃ መቶ ጊዜ ያህል ቢዞር ነው። ማርሽ የለውም፤ ዘንጉ በቀጥታ ከኋላ ካለው መቅዘፊያ ጋር ተያይዟል። መርከቡ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሲፈለግ፤ ሞተሩ ራሱ ቆሞ በታመቀ አየር ኃይል በተቃራኒው ይነሣል። የሚያቃጥለውም ተራ ናፍጣ ሳይሆን ሲበርድ እንደ ሬንጅ የሚወፍር ዘይት ስለ ሆነ፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይረጭም። አባትዮው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

እናቱ ግን አልተደነቁም። «የሚሄድበት ባሕር ሰው የሚገደልበት አይደለም ወይ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕርና በአካባቢው በንግድ መርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት መርከበኞች ሞተዋል፤ ከውኃ በታች ባለው ሞተር ክፍል ያለ ሰው ደግሞ ለማምለጥ የመጨረሻው ነው። ይህን ሸፍኖ በደመወዙ ብቻ የሚያማልል ሰው ካለ አንደግፈውም። ቢሆንም ልጁ መሄድ አለበት እንላለን። ያን የሚያህል ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ፤ የሆስፒታል ጀነሬተር በተበላሸ ቁጥር ከአዲስ አበባ ባለሙያ የሚጠበቅበትን አገር ይጠቅማል፤ የሚመለስበት ሥራ ከቆየው ማለታችን ነው።

ለፋኩልቲያችንም የምንለው አለ። በመርከብ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ግድ ነው፤ አንዱ ከፊሊፒንስ ሌላው ከግሪክ መጥቶ የሚግባባበት ነውና። ነገር ግን ልጁ የተማረውን ለአባቱ ሊያስረዳ ሲነሣ በየዐረፍተ ነገሩ ይደናቀፍ ነበር። እኛ ስለ ቅኔና ስለ ሰዋስው ድርሳን የምንጽፍ ሰዎች አንዲት ቃል ልናቀብለው አልቻልንም። ያዳኑን አባትዮው ናቸው። ቢየላ፤ ኩሽኔታ፤ ፖምፓ የሚሉትን ጣሊያን የተወልንን የጋራዥ ቃላት እያነሡ ከልጃቸው ጋር ተግባቡ። እነዚህን ቃላት ሰብስቦ መዝገብ ማዘጋጀት ከክብራችን በታች ነውን?

በመጨረሻ «መርከቡን የሚገፋው ታዲያ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁ መሬት ላይ በጣቱ ሣለላቸው። መቅዘፊያው ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ውኃው መልሶ ዘንጉን ወደ ፊት ይገፋል፤ ዘንጉ ሞተሩን እንዳያፈርሰው በመካከል አንድ ብረት ግፊቱን ተቀብሎ ለመርከቡ አካል ያስተላልፋል። የብረቱን ስም በእንግሊዝኛ ነግሮን ወደ እኛ ዞረ፤ እኛም እርስ በርሳችን ተያየን።

አባትዮው ሥዕሉን ጥቂት ተመልክተው «የግፊት ኩሽኔታ በላት» አሉት፤ ልጁም በደብተሩ ላይ ጻፈው።