እያንዳንዱን ደረጃ መርገጥ ግዴታ ነውን?

በፍላሽ ሜሞሪ ተቆጣጣሪ ሠሪዎች ዘንድ ከቀኖና ባልተናነሰ ክብር ተይዞ የሚኖር አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ከሜሞሪው የተነበበ ማናቸውም መረጃ፣ ጤነኛም ይሁን በጽኑ የታመመ፣ አስቀድሞ በደካማውና በርካሹ ዲኮደር (ስህተት አራሚ) እንዲፈተን፣ እርሱ ሲያቅተው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ሲያቅተው ወደ ብርቱው እንዲተላለፍ፣ በዚህም ሁሉ መካከል አንዲት ደረጃ እንኳ እንዳትዘለል የሚያዝዘው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ለሰማው ሰው ቁጠባ ይመስላል፤ ርካሹ ከበቃ ውዱን ማን ያስነሣዋል? ነገሩን ልብ ብሎ ለመረመረ ግን፣ በአረጀ ሜሞሪ ላይ ኃይልና ጊዜ በከንቱ የሚፈስሱት በዚሁ ቁጠባ በተባለው በኩል ነው።

ሦስት ቢት የምትይዝ ሴል 8፣ አራት ቢት የምትይዝ ደግሞ 16 የቮልቴጅ እርከኖችን በጠባብ ስፍራ አጨናንቃ ስለምትኖር፣ በተደጋጋሚ ተጽፋና ተደምስሳ ባረጀች መጠን፣ ወይም የታሰረባት ኤሌክትሮን በጊዜ ብዛት እየሾለከ በሄደ መጠን፣ አንዱ እርከን የሌላውን ድንበር ይጋፋል። የመጀመሪያው ንባብ ስለ እያንዳንዱ ቢት 0 ነው ወይም 1 ነው ብሎ ይቆርጣል እንጂ ምን ያህል እንደተጠራጠረ አይናገርም። ጥርጣሬውን ለማወቅ የመለኪያውን ቮልቴጅ ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ እያደረጉ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ንባብ ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ብርቱው ዲኮደር የሚመረኮዘው በዚህ የጥርጣሬ መጠን ላይ ነውና፣ የላይኛው ደረጃ ብርታት በብዙ ዋጋ የሚገዛ ነው፤ አስፈላጊ ባልሆነ ጊዜ እንዳይነካ መጠንቀቁም ተገቢ ነው። በዚህ ከልማዱ ጠበቆች ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ የሚነሣው በታችኛው ደረጃ ስለሚባክነው ነው። ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ የነገሠው የኤልዲፒሲ ኮድ፣ ሮበርት ጋላገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ከጥቂቶች በቀር ማንም ሳያስታውሰው የኖረ ጥበብ ነው። (የዚያ ዘመን ሰዎች ስሌት ስለ ተወደደባቸው ኮዱን ተዉት፤ የእኛ ዘመን ሰዎች ስሌት የረከሰ ስለ መሰላቸው ያባክኑታል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ለመፍረድ ይቸግረኛል።) የዚህ ኮድ ዲኮደር በዙር በዙር ይሠራል፤ በየዙሩም ፍጻሜ ቢቶቹ የሚመዘኑባቸው ፍተሻዎች ሁሉ ሰምረው እንደ ሆነ ይመለከታል፤ ሰምረው ካገኛቸው ወዲያው ያቆማል። ጥቂት ስህተት ያለበት ቃል (በአንድነት የሚታረም የቢቶች ስብስብ) እንግዲህ በጥቂት ዙር ነጻ ወጥቶ ይሄዳል። ሊታረም የማይችለው ቃል ግን የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ፣ የተፈቀደለት የዙር ብዛት እስኪያልቅ ድረስ ይሽከረከራል። ዲኮደሩ ከሁሉ አብልጦ ኃይል የሚጨርሰው እንግዲህ አንዳች ፍሬ በማያገኝበት ቃል ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ከደከመ በኋላም ገጹ እንደገና መነበቡ አይቀርለትም።

ይህ ሁሉ ድካም ከመጀመሩ አስቀድሞ የቃሉን ሕመም የሚናገር ምስክር ባይኖር ኖሮ ልማዱን መታገሥ በተገባ ነበር፤ ምስክሩ ግን አለ፣ ዋጋውም እጅግ ትንሽ ነው። ሪቻርድ ሃሚንግ በቤል ላቦራቶሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ኮድ፣ በሰባት ቢት ላይ አንድ፣ ሁለትና አራት የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሦስት ፍተሻዎች ይደረጋሉ፤ ቁጥር አንድና ቁጥር አራት ወድቀው ቁጥር ሁለት ከሰመረ፣ አንድና አራት ተደምረው አምስት ስለሚሆኑ፣ የተሳሳተው አምስተኛው ቢት ነው ማለት ነው። በኤልዲፒሲ ፍተሻው እንዲህ ጣት አይቀስርም፤ ነገር ግን ይቈጥራል። እያንዳንዱ ቢት በአራት ፍተሻዎች የሚመዘን ከሆነ፣ አንድ ስህተት አራት ፍተሻ ይጥላል፤ አሥር ስህተቶች ቢበዛ አርባ ይጥላሉ። ሁለት ስህተቶች በአንድ ፍተሻ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉና ቁጥሩ ከዚያ ሊያንስ ይችላል እንጂ፣ የወደቁት ፍተሻዎች ብዛት የስህተቱን መጠን ገና ከመጀመሪያው ያስገምታል። ይህን ለመቁጠር አንድም ዙር አያስፈልግም።

ይህን ምስክርነት በእጅ ይዞ ቃሉን ወደ ታችኛው ዲኮደር መላክ፣ ከዙፋን ችሎት በቀር ማንም ሊፈርደው እንደማይችል የታወቀን ክስ በአጥቢያ ዳኛ፣ በወረዳና በአውራጃ ፍርድ ቤት እያዞሩ፣ በየበሩ ቀጠሮ እየሰጡ ባለጉዳዩን ስንቅ ማስጨረስ ነው።

የልማዱ ጠበቆች የሚመልሱት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ግምቱ ቢሳሳት መረጃ ይጠፋል የሚል ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ግምቱ የሚወስነው ሥራው ከየት እንደሚጀመር ብቻ ነው፤ ታርሟል የሚለውን ቃል የሚናገሩት ቀድሞም ሆነ አሁን ፍተሻዎቹና በላያቸው ያለው የሲአርሲ ማረጋገጫ ናቸው። የተሳሳተ ግምት ጥቂት ጊዜ ያስከፍል ይሆናል፤ አንዲት ቢት ግን አያጠፋም። ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ብልህነት አለበት፤ ስህተቱ እጅግ ሲበዛ የወደቁት ፍተሻዎች ቁጥር ወደ እኩሌታ ተጠግቶ ይቆማልና፣ ጽኑውን ሕመም ይበልጥ ከጸናው ለይቶ ማሳየት አይቻለውም ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው ደካማው ዲኮደር ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ብቻ ነው፤ የደካማው ዐቅም የሚያልቅበት ወሰን ደግሞ ቁጥሩ ገና ታማኝ ሆኖ በሚኖርበት ክልል ውስጥ ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለውን ዝርዝር ለብርቱው እንተውለት።

ደግሞም በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ ገጾች በአንድነት ስለሚያረጁ፣ ለቀደመው ገጽ የሠራውን የመለኪያ ቮልቴጅ አስታውሶ ከዚያው መጀመር ብዙውን መመላለስ ያስቀራል፤ አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ማድረግ ጀምረዋል።

ልማዱ እስከ ዛሬ በክብር የቆየው በአዲስ ዕቃ ላይ ስለሚመዘን ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይበቃል፤ ማስታወቂያውም የሚጻፈው በዚያን ቀን በተለካው ፍጥነት ነው። ገዢዎች ሆይ፣ ዕቃው የተፈቀደለትን የመጻፍ ዕድሜ ከጨረሰ በኋላ አንድ ንባብ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ፣ ከሺህ ንባብ አንዱ የዘገየው ስንት ማይክሮሰከንድ እንደሚወስድ በቁጥር ጠይቁ፤ ይህን ቁጥር ለማሳየት ያልወደደ ሠሪ ስለ ቁጠባ የሚናገረው ሊታመንለት አይገባም።