የማግኔት ትምህርትና የሕፃናት እጅ

በላስታና በመቄት ደጋ የሚያድግ ሕፃን የትምህርት ቤት ደጃፍ ከመርገጡ አስቀድሞ ብዙውን ነገር በእጁ ያውቀዋል። ማረሻው ሲሳል ጎንበስ ብሎ አይቷል፤ ከብት አግዷል፤ ውኃ ቀድቷል። ነገር ግን ከክፍል በገባ ጊዜ ዕውቀት በጆሮ ብቻ ይገባለት ዘንድ ይታዘዛል። «ማግኔት ብረትን ይስባል» የሚለውን ቃል ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል፤ በፈተናም ጊዜ አሳምሮ ይመልሰዋል። ማግኔት የሚባለውን ነገር ግን አንድ ቀን ስንኳ ሳይጨብጥ ክፍሉን ያልፋል።

ፍላቂት ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፤ ከጋሸና በስተ ምዕራብ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ላይ በደረሰ ጊዜ በአገሩ አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙዎች ደጃቸውን ዘግተው ከርመዋል። ትምህርት ቤት እንደ ገና በሚቋቋምበት ጊዜ ሹማምንት በመዝገብ የሚያስገቡት ቆርቆሮውን፤ ወንበሩንና መጽሐፉን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ሕፃን ከዝናብ ሳይጠለል ሊማር አይችልምና። ይሁን እንጂ በተሠራው ቤት ውስጥ ሕፃኑ በእጁ ምን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል።

ነገሩ ለካህናት እንግዳ አይደለም። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን እያንዳንዱን ሆሄ በስንደዶ እየነካ ያነባል። ቁም ጽሕፈት የሚማር ደቀ መዝሙርም ብራናውን ራሱ ይፍቃል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ መቃውን ራሱ ይቀርጻል። የዛሬው ትምህርት ቤት ከአብነት ትምህርት ቤት ቃል በቃል መያዝን ወርሷል፤ እጅን ማሠራቱን ግን በደጅ ትቶታል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

በቃል ብቻ የተያዘ ትምህርት እንዴት እንደሚያስት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአማርኛ «ብረት ድስት» የሚባለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ አሉሚንየም ነው። ማግኔት ብረትን ይስባል ብሎ ያጠና ሕፃን የእናቱን ብረት ድስት ይስባል ቢል ስሕተቱ የእርሱ አይደለም፤ ስሙ አሳስቶታል። ማግኔቱን ቢያስጠጋው ግን ድስቱ ዝም ይላል። የቤቱ ቆርቆሮ፤ የዱቄት ወተት ጣሣና የለስላሳ ቆርኪ ይያዛሉ፤ የነሐስ ጸናጽልና የመዳብ ሽቦ አይያዙም። ይህን ጊዜ ሕፃኑ የሚያብለጨልጭ ሁሉ አንድ ዘር አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። መልካም መምህር አስቀድሞ መልሱን አይናገርም፤ እያንዳንዱ ሕፃን ይያዛልን ወይስ አይያዝም ብሎ ይገምት ዘንድ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ይሞክረዋል። ግምቱ የከሸፈበት ሕፃን ነገሩን አይረሳውም።

ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። በእያንዳንዱ የተበላሸ ራዲዮና ቴፕ ስፒከር ጀርባ ቀለበት የመሰለ ጥቁር ማግኔት ተጣብቆ ይገኛል፤ ራዲዮ ጠጋኝ ባለበት ከተማ ሁሉ ይህ የሚጣል ዕቃ ነው። አንዱ ቀለበት ለአምስት ለስድስት ሕፃናት ይበቃል። መጠንቀቅ የሚገባው ግን በገበያ ከሚሸጡት ጥቃቅንና ብርቱ ማግኔቶች ነው፤ ሕፃን ሁለቱን የዋጠ እንደ ሆነ በሆዱ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን ይቈነጥጡታል፤ ለሞትም ያደርሱታል። ስለዚህ ከአፍ የማይገባው ትልቁ ቀለበት ይመረጣል።

የስፌት መርፌም በቀለበቱ አንድ ገጽ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሠላሳ አርባ ጊዜ ቢታሽ ራሱ ማግኔት ይሆናል። በገለባ ላይ አድርገው በሳህን ውኃ ላይ ቢያስቀምጡት ዞሮ ዞሮ ሰሜንና ደቡብን ያመለክታል። ቤተ መቅደስ ሲታነጽ ምሥራቁን መለየት ለለመደ ካህን ይህ ደስ የሚያሰኝ ትርኢት ነው።

የላስታ ምድር ራሱ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ደጋው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የቆመ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ዕድሜውን ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይገምቱታል። በድንጋዩ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ብረታም ማዕድን አለ። ጎርፍ ካወረደው ጥቁር አሸዋ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ቢጎትቱ ደቃቁ እንደ ጢም ተሰብስቦ ይነሣል። ሊቃውንቱም በመቄት ጎረቤት በደላንታ፤ በወገል ጤና አለት ውስጥ ታትሞ የቀረውን የጥንት ማግኔት አቅጣጫ መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ጽፈዋል። ከዚያ በፊትም በ1957 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተጀመረበት ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል፤ ምክንያቱም የምድር ማግኔት ወገብ በከተማው አጠገብ ስለሚያልፍ ነው። በለንደን በመካከሉ በክር የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ ምድር ይዘነብላል፤ በፍላቂት ግን ለጥ ብሎ ይተኛል ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ከእንግሊዝ መጽሐፍ የተቀዳው ሥዕል የመቄትን ሕፃን መርፌ አይመስልም።

ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ያሳየው ማይክል ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በለንደንም በገና ሰሞን ለወጣቶች እያሠራ የሚያሳይበትን ትምህርት ራሱ ደጋግሞ ያስተምር ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭን መናቅ ምን ያህል ዕውቀት እንዳስቀረ የሚቈጥር የለም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመራ የፕላዝማ ትምህርት በብዙ ገንዘብ ተዘርግቶ ነበር። ያም ቢሆን ተማሪው የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ አየ እንጂ በራሱ እጅ አልሠራም።

ትልቁ መሰናክል ግን የገንዘብ እጦት አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የማስተማሪያ ዕቃ ለትምህርት ቤት በተሰጠ ጊዜ በቋሚ ዕቃ መዝገብ ይገባል፤ የጐደለ እንደ ሆነም የፈረመው መምህር ይጠየቅበታል። ስለዚህ መምህሩ ዕቃውን በቁም ሣጥን ቆልፎ ማግኔትን በጠመኔ ሥሎ ማስተማርን ይመርጣል፤ ስለ ፍርሃቱም ሊነቀፍ አይገባውም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የንብረት ሹማምንት ማግኔትን፤ መርፌንና ሽቦን ከጠመኔ ጋራ በአላቂ ዕቃ መዝገብ እንዲገቡ ያዙ ዘንድ ይገባል። የተሰበረው ቀለበት ቢሰበር ሁለት ማግኔት ይሆናል፤ የጠፋውም መርፌ ምናልባት በአንድ ሕፃን ቤት በሳህን ውኃ ላይ ተንሳፎ ይገኛል።