«ኩላክ» ስለሚባለው ቃልና ስለ ተርጓሚው ዕዳ

የተርጓሚ ሥራ ቃልን በቃል መለወጥ ብቻ ነው፤ መፍረድ የዳኛ፥ መውቀስም የሰባኪ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የስንፍና መሸፈኛ ነው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ነገሩን በአንድ የመስኮብኛ ቃልና በእንግሊዝኛ ትርጓሜው አብረን እንመርምረው። ቃሉ «ኩላክ» ነው።

ኩላክ ጥሬ ፍቺው ጡጫ፥ የተጨበጠ እጅ ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1917ቱ አብዮት በፊት የሩሲያ መንደር ሰው ይህን ስም የሚያወጣው ለሀብታም ሁሉ አልነበረም። ቭላዲሚር ዳል በ1860ዎቹ ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት ኩላክን ስስታም፥ እየገዛ አትርፎ የሚሸጥ፥ በሒሳብና በስፍር እያታለለ የሚኖር ሰው አድርጎ ይፈታዋል። እንግዲህ ቃሉ የጠባይ ስድብ ነበረ እንጂ የሀብት ልክ አልነበረም።

መንግሥት ቃሉን ከመንደር አፍ ወስዶ በሕግ ወረቀት ላይ ባሰፈረው ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በግንቦት 1929 የወጣው የሶቪየት መንግሥት ውሳኔ ዘወትር በቅጥር ሠራተኛ የሚያሠራውን፥ በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ያለውን፥ የእርሻ መኪና የሚያከራየውን ቤተ ሰብ በኩላክነት ቈጠረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ስታሊን ኩላክን እንደ መደብ ማጥፋት የመንግሥት መመሪያ መሆኑን አወጀ። በጥር 1930 ፖሊትቢሮው ኩላክ የተባሉትን በሦስት ክፍል መደባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ለእስር ካምፕ ወይም ለሞት፥ ሁለተኞቹ ወደ ሩቅ አገር ለመጋዝ፥ ሦስተኞቹ ከመሬታቸው ተነቅለው በዚያው አውራጃ ለመስፈር ተፈረደባቸው። በ1930ና በ1931 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው፥ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ፥ ተጋዘ። ጎረቤቱ ሲጋዝ ዝም ማለት ያልቻለው ድኻም «ፖድኩላችኒክ»፥ የኩላክ ጭፍራ ማለት ነው፥ ተባለ። ድኻን የሚይዝ ቃል እንዴት የሀብት ስም ሊሆን ይችላል?

ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው እዚህ ሲደርስ ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። አንደኛው «ሀብታም ገበሬ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው አልፈርድም ይበል እንጂ ፈርዷል፤ የከሳሹን ክስ የታወቀ እውነት አስመስሎ ለአንባቢው አቅርቧልና።

ሁለተኛው «ኩላክ» ብሎ እንዳለ ይተወዋል። ይህ ይሻላል፤ ነገር ግን ማብራሪያ ካልተከተለው እንግሊዛዊው አንባቢ የአንድ ነገድ ስም ይመስለዋል፤ ስድቡም ጡጫውም ይጠፋበታል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ሰውን ኩላክ ብሎ ንብረቱን መግፈፍ በመስኮብኛ «ራስኩላቺቫኒዬ» ይባላል፤ እንግሊዝኛውም «ዲኩላካይዜሽን» አለው። የባሕርን ውሃ ከጨው ማጥራትም በእንግሊዝኛ በዚሁ ዐይነት ቃል ይጠራል! ላሙን መንዳት፥ ቤቱን መውረስ፥ እናትን ከነልጆቿ በከብት መጫኛ ባቡር ማጋዝ፥ እንደ ንጹሕ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሆኖ ያልፋል።

«መስኮብኛውስ የጽሕፈት ቤት ቃል አይደለምን? ተርጓሚው ስለ ምን ይጨምርበታል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የሩሲያ ገበሬ ያንን ቃል ሲሰማ ጡጫውን ይሰማ ነበር፤ የተጋዘው ጎረቤቱም በዐይኑ ፊት ይቆም ነበር። እንግሊዛዊው ግን ፊደሉን ብቻ ያያል። ለመጀመሪያው ሰሚ የተሰማውን ለሁለተኛው ማድረስ መጨመር አይደለም፤ ዕዳን መክፈል ነው።

ስለዚህ ተርጓሚ ስሙን እንዳለ ያኑር፤ ፍቺውን አንድ ጊዜ ይናገር። ባለሥልጣን ሲናገር ቃሉን ለተናገረው ይተውለት፤ ተርጓሚው በራሱ አንደበት ሲጽፍ ግን «ኩላክ የነበረ» አይበል፥ «ኩላክ የተባለ» ይበል። ድርጊቱንም ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ገልጦ ይጻፍ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። አባቶቻችን «ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» ብለዋል። በእኛም አገር ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «አድኃሪ» የሚል ስም ተለጥፎበት፥ ጥፋቱ በዳኛ ፊት ሳይመረመር የሞተ ሰው ጥቂት አይደለም። ስሙን ያወጣው አንድ ሰው ቢሆን፥ ሳይጠይቁ የተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ። እናንተም ነገ የሌላውን ቋንቋ ወደ ራሳችሁ፥ የራሳችሁንም ወደ ሌላው ስትመልሱ፥ ለሰው የወጣ ስም ባገኛችሁ ቊጥር ከመጻፋችሁ በፊት ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።