ቪዛው ሲያጥር ዝግጅቱ ይረዝማል፦ በውጭ ሀገር ለሚነግዱ ዜጎች የሰነድና የቪዛ ጉዳይ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ አንሥቶ በየካ ክፍለ ከተማ በተዘረጋው አካባቢ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የኬንያን ጨምሮ በርካታ ኤምባሲዎች ይገኛሉ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የውጭ መንግሥታት ለጋሲዮኖች በዚህ ስፍራ መሬት ማግኘት እንደጀመሩ ይታወቃል፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ የቪዛ ጉዳይ ይዘው ከሚቀርቡ ዜጎች መካከል በውጭ ሀገር ሱቅ የከፈቱ፣ ዕቃ የሚልኩና የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይገኙበታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወጡ ውሳኔዎች እነዚህን ዜጎች በቀጥታ የሚነኩ በመሆናቸው ይዘታቸውንና የሚጠይቁትን ዝግጅት መረዳት ያስፈልጋል።

ምን ተለወጠ?

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አሰጣጥ ላይ ገደብ ጥሏል። ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በኅብረቱ አገሮች የሚኖሩ ዜጎችን ወደ ሀገራቸው በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አልተደረገም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት መደበኛው የቪዛ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል፤ በርካታ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል፤ ከአመልካች የሚፈለጉ ማስረጃዎችን በከፊል የማስቀረት አሠራርም ታግዷል። ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የአዋቂ ሰው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል።

አሜሪካም ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው ለውጥ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግሉና ለ3 ወራት የሚጸኑ እንዲሆኑ ወስናለች።

እነዚህ ለውጦች በነጋዴው ላይ የሚያሳድሩት ጫና ከጎብኚው ይከብዳል። ጎብኚ አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፤ ነጋዴ ግን ውል ለመፈረም፣ ዕቃ ለመረከብና ሒሳብ ለመዝጋት ይመላለሳል። የአንድ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ ይዞ ፓሪስ የገባ ነጋዴ ለአንድ ቀን ስብሰባ ወደ ለንደን ቢሻገር፣ ምንም እንኳ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖረው፣ በዚያው የሸንገን ቪዛ ወደ ፓሪስ መመለስ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያና የታደሱ ማስረጃዎች ይጠይቃል። ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ይዘጋጅ የነበረ የሰነድ ጥራዝ አሁን ዓመቱን ሙሉ ዝግጁ ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል።

የሰነዶች ቅብብል

በሀገር ውስጥ የተሰጠ ሰነድ በውጭ ሀገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያልፍበት ቅደም ተከተል አለው። ሰነዱ በቅድሚያ ከሰጪው አካል፣ ለምሳሌ ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ይወጣል፤ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተረጎማል፤ እንደ ሰነዱ ዓይነት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጣል፤ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ በመጨረሻ ሰነዱ የሚቀርብበት ሀገር ኤምባሲ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። አንዱ እርከን ሲዘለል ቀጣዩ አይቀበልም። በመሆኑም ባለጉዳዩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ለመጀመር ይገደዳል።

በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሔግ ስምምነት አባል የሆኑ አገሮች ይህን ቅብብል «አፖስቲል» በሚባል አንድ ማረጋገጫ ይተካሉ። ቻይና ከጥቅምት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስምምነቱን በሥራ ላይ አውላለች። ይሁንና አሠራሩ የሚያገለግለው በአባል አገሮች መካከል ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ባለመሆኗ ከቻይና ጋር የሚነግድ ኢትዮጵያዊም የተለመደውን የማረጋገጫ መንገድ መከተል ይኖርበታል።

ስምና ቀን

ብዙ ፋይሎችን የሚያጓትቱት ጥቃቅን የሚመስሉ ልዩነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስም ነው። በኢትዮጵያ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ልማድ የለም፤ «ፀ» እና «ጨ»ን የመሳሰሉ ፊደላትም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፋሉ። በንግድ ፈቃድ ትርጉም፣ በባንክ መግለጫና በፓስፖርት ላይ የተለያየ አጻጻፍ ሲገኝ መርማሪው አንዱን ሰው እንደ ሁለት ሰው ሊቆጥረው ይችላል። በመሆኑም ማንኛውም ትርጉም የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መከተል አለበት።

ሁለተኛው ቀን ነው። የኢትዮጵያና የጎርጎርዮሳዊው ዘመን ልዩነት ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ 30 በጎርጎርዮሳዊው ጁላይ 7 ላይ ይውላል። ይህ በትርጉም ላይ «ጁን 30» ተብሎ ቢጻፍ የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን ከዋናው ሰነድ ጋር ይጋጫል።

መግባት መነገድ አይደለም

ወደ አንድ ሀገር ለመግባት መፈቀዱ በዚያ ለመነገድ መፈቀዱን አያመለክትም። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ለረጅም ዘመን የቆየ የቪዛ ነፃነት ስምምነት አለ፤ ሆኖም በኬንያ የራሱን ንግድ ሊያካሂድ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ «ክፍል ጂ» የተባለውን የሥራ ፈቃድ ማግኘትና ቢያንስ የ100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየት ይጠበቅበታል። የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛም በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀናት ለማይበልጥ ቆይታ የሚሰጥ እንጂ ሱቅ ከፍቶ ለመሥራት የሚያበቃ አይደለም። በጉብኝት ቪዛ ሲነግድ የተገኘ ሰው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን የወደፊት የመግባት ዕድሉንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ጉዞን የሚቀንስ ውክልና

ምልልሱን ለመቀነስ ከሚረዱ ሕጋዊ መንገዶች አንዱ ውክልና ነው። በውጭ ሀገር የሚገኝ ነጋዴ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ሰጥቶ በሀገር ውስጥ ያለውን ጉዳይ ማስፈጸም ይችላል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 እና 2205 እንደሚደነግገው ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ካፒታል በማኅበር ውስጥ ለማስገባት፣ ለመታረቅ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ሳይስተዋል ቀርቶ ጠቅላላ ውክልና ብቻ የላከ ነጋዴ ለአንድ ፊርማ ሲል የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ ሊገደድ ይችላል።

ጊዜን ወደ ኋላ መቁጠር

የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላል። ለአብነት፣ የሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ ነጋዴ ጥር 25 ቀን አውሮፓ ውስጥ በሚከፈት የንግድ ትርኢት ላይ ለመገኘት ቢያቅድ፣ የ45 ቀናቱ ምርመራ ብቻ ወደ ታኅሣሥ 10 ይመልሰዋል። ትርጉምና ማረጋገጫ ሲጨመር ዝግጅቱ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመር አለበት። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምርም የንግድ ፈቃዱ አስቀድሞ መታደስ ይኖርበታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ከማስረጃዎቹ አንዱ ነው።

የቪዛ ውሳኔ የተቀባይ ሀገር ሉዓላዊ ሥልጣን ነው፤ የሰነዱ ጥራት ግን በአመልካቹና ሰነዱን በሚሰጡት የሀገር ውስጥ ተቋማት እጅ ነው። የጥቂቶች ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መቆየት በሕጋዊው ነጋዴ ላይ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የኅብረቱ ውሳኔ አሳይቷል። በመሆኑም ተገልጋዮች በጊዜ መመለስን የንግዳቸው አንድ አካል አድርገው ሊመለከቱት፣ ከማመልከታቸው በፊትም የወቅቱን መመዘኛ ከሚመለከተው ኤምባሲ በቀጥታ ሊያረጋግጡ ይገባል።