ከበሩ ስር የሚታሰረው ብረት፦ ለጌጥ ከሆነ ይቅር

ወገኖች፣ ዘንድሮ ቦክሲ ያለው ሰው ሁሉ ከበሩ ስር ብረት እያሳሰረ ነው። ባለፈው ሳምንት ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያው አጠገብ ቆሜ ስቆጥር፣ ከተደረደሩት ሃይሉክሶች ግማሽ ያህሉ በጎናቸው ወፍራም ቱቦ አላቸው። አንዱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሌላው ቀይና ጥቁር ተቀብቷል። ስሙን ስጠይቅ "ሮክ ስላይደር ነው፣ ድንጋይ ላይ ያንሸራትትሃል" አሉኝ። አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ለመዝናናት ብለው በድንጋይ ላይ የሚነዱ ሰዎች የሚያስገጥሙት ነገር ነው። እኔ ብረቱን አልቃወምም። ለእኛም ይጠቅማል። የሚጠቅመን ግን ስሙ በሚለው ምክንያት አይደለም፤ ካየኋቸውም አብዛኞቹ ስሙን ብቻ የያዙ ናቸው።

ከጎንደር በአይከልና በገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከገላባትም በዶካ እስከ ገዳሪፍ አስፋልት ነው። አስፋልት ላይ ይህ ብረት ከሸክም በቀር ምንም አይደለም። እንጀራችን ግን አስፋልቱ ዳር አይበቅልም። ሰሊጡና ማሽላው ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ እዚያ ደግሞ መሬቱ ዋልካ ነው። በኸሪፍ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ትራክተር ካልሆነ የሚገባበት የለም። ያ ትራክተር ክረምቱን ሙሉ ሲመላለስ ጎማው መሬቱን እንደ ቦይ ይቆፍረዋል። ዝናቡ ሲያቆም ፀሐይ ታገኘውና በቦዩና በቦዩ መካከል ያለው ጉብታ እንደ ጡብ ይደርቃል። ልክ በዚያን ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጥ ይታጨዳል፤ ሁላችንም ሌላው ሳይቀድመን ብለን እንሮጣለን።

አንድ ጎማ ከጉብታው ከተንሸራተተ መኪናው የሚቀመጠው በበሩ ስር ባለው ላሜራ ላይ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ፣ በመተማና በቋራ፣ ለእርሻ በተመነጠረው መሬት ሣር ውስጥ የተደበቀ ጉቶ አለ። ጉቶ ከድንጋይ ይከፋል፤ ድንጋይ አንዳንዴ ይንከባለላል፣ ጉቶ ግን ስሩን ይዞ ይጠብቅሃል። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ስሙን "የጉቶ መከላከያ" እለው ነበር።

የበር ስር ላሜራ ከሩቅ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ገደማ ነው። ወደ ላይ ከተጫነ በሩ ተነክሶ ይቀራል፣ አይከፈትም። ላሜራ ሠራተኛ ቆርጦ አውጥቶ አዲስ እስኪበይድ ድረስም መኪናው ቆሞ ሥራ ይፈታል።

ከሦስት ዓመት በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ጋራዥ ቱቦ አሠርቼ ነበር። "ከሻንሲው ጋር ነው የተያዘው" አሉኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ሳላይ ከፈልኩ። ጥቅምት ላይ ከዶካ ወጣ ብለን፣ ስምንት ኩንታል ሰሊጥ ጭነን፣ ጉብታ ላይ ተቀመጥን። ባልንጀራዬ ረጅሙን ባለጥርስ ክሪክ ቱቦው ስር አስገብቶ ማንሳት ጀመረ። ጎማው ከመሬት ሊላቀቅ ሲል ቱቦው ላሜራውን እንደ ወረቀት ቀዶት ተነቀለ። መኪናው ወደቀ፣ የክሪኩ ዘንግ ተወርውሮ የባልንጀራዬን የእጅ አንጓ ሰበረው። ለካስ ቱቦው የተበየደው ላሜራው ላይ ነበር። ሰሊጡን መሬት ላይ አውርደን፣ ትራክተር ለምነን፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት የደረስነው ሌሊት ነው።

እና ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ስር ግቡ። የብረቱ እግሮች መድረስ ያለባቸው ሻንሲው ድረስ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሦስት እግር፣ አራት ቢሆን ይሻላል። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎሚኒ ነው። ጭነት ሲኖርና መንገዱ ሲያናውጥ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሁለቱም ጋር የታሰረ ብረት አንዱን መቅደዱ አይቀርም።

በያጆች "ብየዳ ይጠነክራል" ይላሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፣ ሻንሲው ደግሞ ኩንታል የሚሸከመው አካል ነው። በሻንሲው ጎን የነዳጅና የፍሬን ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ያልፋል። የተበየደ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ከተጣመመ ቆርጠህ እንጂ ፈትተህ አታወጣውም። በቡሎን ይታሰር። ሻንሲው እንደ ሳጥን ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ቡሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም የቱቦ ቁራጭ ይግባ፤ አለበለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ሻንሲውን ይጨፈልቀዋል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። አይ፣ ብየዳ ካልሆነ አልሠራም የሚል በያጅ ከገጠማችሁ ቢያንስ ባትሪውን አስነቅሉ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። እዚያው ጋራዡ ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ማንም መኪናው ስር ሳይኖር በብረቱ መሃል ክሪክ አስገብታችሁ አንሱ። በብረቱና በበሩ ስር መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ ከሄደ አትክፈሉ። በዚያ ቀን የሚከፋው ባለጋራዥ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ክብደቱንም በሰሊጥ አስቡት። ውጭው 48 ሚሊ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ቱቦ በሜትር ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለሁለቱም ጎን ከነእግሩና ከነላሜራ ሰሌዳው 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በየጉዞው ከግማሽ ኩንታል በላይ ሰሊጥ ትታችሁ ብረት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ ማለት ነው። ወጣቶቹ በዚህ ላይ የፊት ብረት፣ የጣሪያ ብረት፣ የመብራት ብረት ይጨምራሉ። ከዚያ "ባሌስትራው ለምን ተሰበረ?" ብለው ይጠይቁኛል።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ፒካፕ ተራ ዕቃ አይደለም። መሣሪያ የተጫነበትን ላንድክሩዘር ሱዳኖች "ታትሸር" እንደሚሉት ታውቃላችሁ። ዙሪያውን በብረት የታጠረ ነጋዴ ኬላ ላይ ሲደርስ ማን መሆኑን ለማስረዳት ረጅም ሰዓት ይፈጅበታል። እኔን ሁለት ጊዜ አስወርደው ቱቦውን በመዶሻ እየመቱ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቀውኛል። ስለዚህ የሚያበራ አታሠሩ፤ ጥቁር ቀለም ይበቃዋል፣ ከጎማውም ወደ ውጭ አይውጣ። ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ የገባው ውሃና ጭቃ እንዲወጣ፣ ፈታሹም ቢፈልግ በባትሪ አብርቶ እንዲያይ።

ከገላባት ገዳሪፍ በአስፋልት ብቻ ለሚመላለስ ሰው ገንዘቡ ለጎማ ቢውል እመርጣለሁ። እርሻ ድረስ የሚገባም ቢሆን መጀመሪያ ጥሩ ጎማ፣ አካፋ፣ ክሪኩ ዋልካ ውስጥ እንዳይሰምጥ ሰፊ ጣውላ ይያዝ፤ ብረቱ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አሁን በእያንዳንዱ ጎን ባለአራት እግር አሳስሬያለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ጊዜ ጉብታ ላይ ተቀምጬበት በሩ እንደ ወትሮው ተከፍቷል።

ባልንጀራዬም አብሮኝ መሄዱን አልተወም። ከመሳፈሩ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ቡሎኖቹን ይቆጥራል።