ፊርማውን አየን፤ ውሃውስ?

«ትንሽ ናት፤ አታሰጋም» የሚል ነገር ጆሮዬን አሰልችቶታል። የምናወራው እኮ ስለ ኑክሌር ሪአክተር ነው ጎበዝ! መንግሥታችን ከሩሲያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ሶቺ ላይ ተፈራረመ። በ2023 ፍኖተ ካርታ፣ በ2025 ደግሞ ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተጨመረበት። የኑክሌር ሳይንስ ማዕከል ነገርም አብሮ ይነሳል። የእንዲህ ዓይነት ማዕከል እምብርቱ ብዙ ጊዜ የምርምር ሪአክተር ነው። እኔ በቴሌቪዥን ያየሁት ግን እስክሪብቶና መጨባበጥ ብቻ ነው።

የኑክሌር ጠላት አይደለሁም። ጋና በ1990ዎቹ አጋማሽ ከቻይና ያስመጣቻት የምርምር ሪአክተር ስትተከል 30 ኪሎ ዋት ነበረች፤ አሥር የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ አትሞላም። ውሃው ሞቆ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ ፓምፕ አያሻትም። እንዲህ ያለችውን ቢያመጡልን እሰየው። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ 1 ጉልበቱ 20 ሜጋ ዋት ሆኖ እሱም «የምርምር» ነው የሚባለው። ከጋናዋ ከ600 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ታዲያ የእኛዋ «ትንሽ» የትኛዋ ናት?

ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። እናቶቻችን ያውቁታል፤ በጣም የጋለ ምጣድ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ቶሎ አትደርቅም፣ እየዘለለች ትንከባለላለች። ከሥሯ የተፈጠረው እንፋሎት ከምጣዱ ይለያታል። የነዳጁ ዘንግም ልክ ካለፈ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ውሃው አጠገቡ እያለ ሙቀቱን አይወስድለትም፣ ይቀልጣል። የሙቀትና የውሃ ፍሰት ትንተና የሚባለው ሥራ ከዚያ ልክ ምን ያህል እንደራቅን በቁጥር የሚናገር ነው።

ደግሞ ሪአክተር እንደ መኪና ቁልፍ ስላዞሩበት ብቻ አይበርድም። በቆመባት ቅጽበት ከሙሉ ጉልበቱ 6 ከመቶ ያህል ሙቀት ይቀረዋል። 10 ሜጋ ዋት ከሆነ 600 ኪሎ ዋት ማለት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ እየቀነሰ ቢሄድም ማብረጃ ይፈልጋል። መብራት ሄዳ እስክትመጣ ሻማ በምናበራባት ከተማ ፓምፑን ማን ሊያዞረው ነው?

አሜሪካኖቹም አልተረፉም። በ1961 አይዳሆ ውስጥ አንድ የሙከራ ሪአክተር ላይ ተረስቶ የቀረ ላስቲክ ነገር የውሃውን መንገድ ዘግቶ ነዳጅ አቅልጧል። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ 3 ደግሞ እዚያው አይዳሆ፣ 3 ሜጋ ዋት ብቻ የሆነች የጦር ሠራዊት ሪአክተር መቆጣጠሪያ ዘንግ በእጅ ከልክ በላይ ተሳበ። ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ጋኑን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ወደ ላይ አነሳው። ሦስት ወታደሮች ሞቱ። «ትንሽ ናት» ሲሉኝ እነዚህ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ቦታ ከመከለላችሁ በፊት የደኅንነት ትንተናውን አሳትሙልን፤ በአማርኛም ይሁን። ፓምፑ ቢቆም፣ ቧንቧው ቢፈነዳ፣ አንድ የውሃ መተላለፊያ ቢደፈን ነዳጁ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ስሌቱን የሠራው ሻጩ ከሆነ የሚያርመው ማን ነው? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ «አይሆንም» ብሎ የማስቆም ሥልጣን አለው ወይስ ማኅተም መቺ ነው? ለጥያቄዎቹ መልስ የሚልክልን ኃላፊ ካለ ደብዳቤው ሳይቆረጥ በዚሁ ገጽ ይወጣል።