የአየር ሞገድና የአድማጭ መብት

ጋዜጣ ለማሳተም የሚሻ ሰው ወረቀትና ማተሚያ ካገኘ፣ የሌላውን ጋዜጣ ሳያውክ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። የራዲዮ ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሞገድና በአንድ ሰዓት ቢናገሩ ድምፃቸው ይደባለቅና አድማጩ አንዱንም ለይቶ መስማት ይሳነዋል። በአሜሪካ የደረሰው ይኸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ጣቢያዎች በየፈለጉት ሞገድ በማሠራጨታቸው አየሩ በጩኸት ተሞላ። ስለዚህ በ1927 ሞገድን በፈቃድ የሚያድል ሕግ ወጣ፤ በ1934ም ሥራው የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ለተባለ መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

እስከዚህ ድረስ የመንግሥት ተግባር ከትራፊክ ፖሊስ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው ጥያቄ፣ ሞገዱን የሚያድለው መንግሥት በሞገዱ ስለሚተላለፈው ንግግር ጭምር ደንብ ሊያወጣ ይገባዋልን? የሚለው ነው።

ኮሚሽኑ በ1949 ያጸናው መመሪያ የጣቢያ ባለቤቶችን በሁለት ነገሮች ያስገድድ ነበር። አንደኛው ሕዝብን የሚያከራክሩ ጉዳዮችን እንዲያቀርቡ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒ አስተያየቶች እንዲሰሙ ዕድል እንዲሰጡ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ፣ በስሙ የተነቀፈ ሰው መልስ የመስጠት መብት ነበረው። በ1964 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሬድ ላየን ከተማ የሚገኝ ጣቢያ ፍሬድ ኩክ የተባለውን ደራሲ የሚነቅፍ ንግግር አሠራጨ። ደራሲው ያለ ክፍያ መልስ ለመስጠት ቢጠይቅ ጣቢያው አልፈቀደም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። ፍርድ ቤቱም በ1969 መመሪያውን ሲያጸና፣ ሞገድ ለሁሉ የማይዳረስ ሀብት ስለሆነ ከባለጣቢያው መብት ይልቅ የአድማጩ መብት እንደሚበልጥ አስታወቀ።

ይሁን እንጂ ያው ፍርድ ቤት በ1974 በጋዜጣ ላይ በተነሣ ተመሳሳይ ክርክር ተቃራኒውን ወሰነ። የፍሎሪዳ ሕግ፣ በጋዜጣ የተነቀፈ የምርጫ ተወዳዳሪ መልሱ በዚያው ጋዜጣ እንዲታተምለት ያዝዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው፣ አዘጋጆች መልስ ለማተም ከሚገደዱ አከራካሪውን ጉዳይ ጨርሶ መተው ይመርጡ ይሆናል የሚለውን ሥጋት ጭምር በመጥቀስ ነው።

ይህ ሥጋት በራዲዮም ላይ የሚሠራ ነው። ፈቃዱን የሚያድሰውና ንግግሩን የሚመዝነው አንድ መሥሪያ ቤት ከሆነ ባለጣቢያው ከመናገር ዝምታን ይመርጣል። ጋዜጠኛው ፍሬድ ፍሬንድሊ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፖለቲካ ፓርቲ ሰዎች መመሪያውን የተቃዋሚዎቻቸውን ጣቢያዎች ለማስጨነቅ እንደተጠቀሙበት ገልጧል። ኮሚሽኑም መመሪያው ንግግርን ከማብዛት ይልቅ ይገታል በማለት በ1987 ሻረው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የአንድ ወገን አስተያየት ብቻ የሚሰማባቸው የራዲዮ ፕሮግራሞች ተስፋፉ። ለዚህ የመመሪያው መሻር ብቸኛው ምክንያት ነው ባይባልም፣ በስሙ የተነቀፈ ሰው መልስ የሚያሰማበት መንገድ መጥበቡ አይካድም።

በእኔ አስተያየት፣ በዚህ መመሪያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ነበር። «ሚዛናዊ ሁን» የሚለው ትእዛዝ መለኪያው በሹሙ ሕሊና ውስጥ ስለሆነ፣ ሹሙ ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል። «በስሙ የነቀፍከው ሰው መልስ ይስጥ» የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ ስሙ መጠራቱንና መነቀፉን ማንኛውም ዳኛ መርምሮ ሊያረጋግጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መቅረቱ ተገቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሊጠበቅ ይገባው ነበር። ፍርዱ ግን ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለፍርድ ቤት መተው አለበት።

ይህ አስተያየት ባለጣቢያውን ሳይወድ ሰዓቱን እንዲሰጥ ያስገድደዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን የተቀበለው ሞገድ በሕዝብ ስም የተሰጠው እንጂ የግል ርስቱ አይደለም። ከሳሽን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር እንደሆነ ሁሉ፣ የነቃፊውን ቃል ብቻ የሰማ ሕዝብም በትክክል ሊፈርድ አይችልም። እንግዲህ ስለ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚወጣ ማንኛውም ሕግ ሲቀርብልን፣ ከሕጉ በኋላ አድማጩ የሚሰማው ድምፅ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።